ማርች የማን ስም ነው?
የሮማውያን ወሮች ስያሜና ከጀርባቸው ያለው እምነት



የዚህን ወር ርዕስ የሰጠኝ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነው፤ የእኅቴ ልጅ። አንድ ምሽት የእንግሊዝኛ የቤት ሥራውን ሊሠራ ደብተሩን ከዘረጋ በኋላ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ዝም አለ። እናቱ «ምን ሆነህ ነው?» ብትለው፣ «ከላይ ቀኑን መጻፍ አለብኝ። ወሩ ማርች ነው። ማርች ደግሞ የጣዖት ስም ነው አሉኝ። የጣዖት ስም በእጄ ከጻፍኩ ሽርክ አይሆንብኝም ወይ?» አላት። እኅቴ ግራ ገባት። ጥያቄው የእምነት ጥያቄ ነውና ልትቆጣው አልፈለገችም፤ «ዝም ብለህ ጻፍ» ብትለው ደግሞ ዲኑን እንደ ቀላል ነገር እንዲያይ ታስተምረዋለች። በመጨረሻ «አጎትህን ጠይቅ» ብላ ወደ እኔ ላከችው።

ውድ አንባቢያን፣ ጥያቄው የአንድ ልጅ ብቻ አይደለም። ልጆቻችን የሚያድጉት በሦስት የዘመን አቆጣጠሮች መካከል ነው። በቤትና በሰፈር መስከረም፣ ጥቅምት ይላሉ፤ በመስጊድ ሙሐረም፣ ሰፈር ይባላል፤ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ደግሞ ጃንዋሪ፣ ፌብሩዋሪ ይጻፋል። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ወገኖቻችን ልጆችማ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰሙት ይህንኑ ሦስተኛውን ነው። ስለዚህ እነዚህ ስሞች ከየት እንደመጡ ማወቅ ለወላጅም ለልጅም ይጠቅማል።

በመጀመሪያ አሥር ነበሩ

የሮማ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፣ የጥንቷ ሮማ ዓመት አሥር ወር ብቻ ነበረው። ዓመቱ በማርች ይጀምርና በዲሴምበር ያልቃል፤ የቀኖቹም ድምር 304 ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው የብርድ ጊዜ፣ ገበሬውም ወታደሩም ቤቱ የሚከርምበት፣ የወር ስም እንኳ አልነበረውም። ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ በኋላ የተጨመሩ ሲሆኑ፣ የጨመራቸውም ኑማ ፖምፒሊየስ የተባለው ንጉሥ እንደሆነ ይነገራል።

ይህን ማወቅ ብዙ ተማሪዎችን የሚያስቸግር አንድ እንቆቅልሽ ይፈታል። በላቲን ሴፕቴምበር «ሰባተኛ»፣ ኦክቶበር «ስምንተኛ»፣ ኖቬምበር «ዘጠነኛ»፣ ዲሴምበር «አሥረኛ» ማለት ነው። ዛሬ ግን ዘጠነኛ፣ አሥረኛ፣ አሥራ አንደኛና አሥራ ሁለተኛ ሆነው እናገኛቸዋለን። ቆጠራው ከማርች ቢጀመር ሁሉም በቦታው ይገባል። እንግዲህ እነዚህ አራቱ የማንም ጣዖት ስም የለባቸውም፤ ቁጥር ብቻ ናቸው። የቀሩትን ስምንቱን ደግሞ አንድ በአንድ እንመልከት።

ሁለት ፊት ያለው የበር ጠባቂ

ጃንዋሪ ስሙን ያገኘው ጃኑስ ከሚባለው የሮማውያን ጣዖት ነው። ጃኑስ የበርና የመጀመሪያ ነገር ሁሉ አምላክ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ምስሉ ሁለት ፊት አለው፤ አንዱ ወደ ኋላ፣ አንዱ ወደ ፊት ያያል። ሮማውያን ለሌላ ጣዖት ሲለምኑ እንኳ አስቀድመው የእርሱን ስም ይጠሩ ነበር። በከተማይቱ መካከል የነበረው የጃኑስ በር በጦርነት ጊዜ ይከፈታል፤ በሰላም ጊዜ ይዘጋል። ንጉሠ ነገሥት አውግስጦስ ይህ በር በዘመኑ ሦስት ጊዜ እንደተዘጋ በኩራት አስጽፏል፤ ከእርሱ በፊት ከከተማይቱ መቆርቆር ጀምሮ የተዘጋው ሁለት ጊዜ ብቻ ነበርና። የሮማ ሰዎች ምን ያህል በጦርነት እንደኖሩ ከዚህ ይታያል።

ከዒሳ (ዐ.ሰ.) ልደት በፊት ከ153 ዓመት ጀምሮ የሮማ ከፍተኛ ሹማምንት ሥልጣናቸውን የሚረከቡት በጃንዋሪ 1 ሆነ። በዚያ ቀን ሰዎች ቴምር፣ የደረቀ በለስና ማር ይሰጣጡ ነበር፤ መጀመሪያው ከጣፈጠ ዓመቱ ሙሉ ይጣፍጣል ብለው ያምኑ ነበርና። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስባታለን።

ፌብሩዋሪ ደግሞ «ፌብሩዋ» ከሚባሉት የማንጻት ሥርዓቶች የመጣ ነው። በዚህ ወር ሮማውያን ለሙታኖቻቸው መሥዋዕት ያቀርባሉ፤ ከተማቸውንም እናነጻለን ይላሉ። በወሩ አጋማሽ ሉፐርካሊያ የሚባል በዓል ነበር። ፍየልና ውሻ ታርዶ፣ ወጣቶች ከፍየሉ ቆዳ ጠፍር ቆርጠው በከተማይቱ እየሮጡ ያገኙትን ሰው ይመቱ ነበር። ልጅ የሚሹ ሴቶችም በዚያ ጠፍር መመታት ማሕፀን ይከፍታል ብለው ራሳቸውን ያቀርቡ ነበር።

የጦር ወር፣ የአበባ ወር

ማርች የማርስ ወር ነው። ማርስ የጦርነት አምላክ ተብሎ የሚመለክ ጣዖት ሲሆን፣ በሮማውያን ተረት የከተማይቱ መሥራች የሮሙለስ አባት ነው። ብርዱ ሲያልፍ፣ መንገዱ ሲደርቅ ሠራዊት ለዘመቻ የሚነሣው በዚህ ወር ስለነበር ስሙ ለእርሱ ተሰጠ። የማርስ ካህናትም ከሰማይ ወርዷል የሚባል ጋሻና አምሳያዎቹን ይዘው በየአደባባዩ ይጨፍሩ ነበር። እንግዲህ የእኅቴ ልጅ የሰማው ነገር ውሸት አይደለም።

በኤፕሪል ላይ ግን የሮማ ሊቃውንት ራሳቸው አልተስማሙም። ገሚሶቹ «መክፈት» ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ነው፤ ምድር የምትከፈትበት፣ አበባ የሚፈነዳበት ወር ስለሆነ ነው ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ ግሪኮች አፍሮዳይት ከሚሏት፣ ሮማውያንም ቬኑስ ብለው ከሚያመልኳት የውበት ጣዖት ጋር ያያይዙታል። ሜይና ጁንም እንዲሁ ናቸው። ሜይ ማያ ከተባለች ጣዖት፣ ጁን ደግሞ የጋብቻ ጠባቂ ከሚሏት ከጁኖ ነው የሚሉ አሉ፤ ሜይ «ሽማግሌዎች»፣ ጁን «ወጣቶች» ከሚሉት ቃላት የመጡ ናቸው የሚሉም አሉ። ኦቪድ የተባለው የሮማ ባለቅኔ ስለ ሜይና ስለ ጁን ያሉትን አሳቦች ጽፎ አንዱን መምረጥ ተስኖት አልፏል።

ሮማውያን በሜይ ወር ጋብቻ አይፈጽሙም ነበር። በዚህ ወር የሙታን መናፍስት በየቤቱ ይዞራሉ ብለው ይፈሩ ነበርና፣ የቤቱ አባወራ በእኩለ ሌሊት ተነሥቶ በባዶ እግሩ እየሄደ ጥቁር ባቄላ ወደ ኋላው ይወረውር ነበር። ባቄላውን መናፍስቱ ይለቅሙና ቤተሰቡን ይተዋሉ ተብሎ ነው። በሜይ ያገባች ሴት ትዳሯ አይሰምርም፣ ዕድሜዋም ያጥራል ይሉ ነበር።

ሰው አምላክ ሲሆን

ጁላይና ኦገስት የሰው ስሞች ናቸው። ጁላይ አስቀድሞ «አምስተኛ»፣ ኦገስት «ስድስተኛ» ተብለው በቁጥር ይጠሩ ነበር። ከዒሳ (ዐ.ሰ.) ልደት በፊት በ44 ዓመት አምስተኛው ወር በዚያ ወር በተወለደው በዩልየስ ቄሳር ስም ተሰየመ። በ8 ዓመት ደግሞ ስድስተኛው ለአውግስጦስ ተሰጠ፤ ግብፅን ድል አድርጎ እስክንድርያን የያዘው በዚህ ወር ነበርና። ሁለቱም ከሞቱ በኋላ የሮማ ምክር ቤት አማልክት ናቸው ብሎ አውጆላቸዋል፤ ቤተ መቅደስም ተሠርቶላቸዋል።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን በትምህርት ቤት የሰማነውን አንድ ስሕተት እናርም። አውግስጦስ ከፌብሩዋሪ አንድ ቀን ወስዶ በወሩ ላይ ጨመረ የሚባለው ተረት ነው። ኦገስት በዩልየስ ቄሳር ማሻሻያ ጊዜ 31 ቀን ሆኖ ነበር፤ ስሙም ገና አልተለወጠም። ፌብሩዋሪም ከዚያ በፊት 28 ቀን ነበረው።

ከእነርሱ በኋላ የመጡት ነገሥታትም ዝም አላሉም። ኔሮ ኤፕሪልን በራሱ ስም ጠራው። ዶሚሺያን ሴፕቴምበርንና ኦክቶበርን ለራሱ አደረገ። ኮሞዱስ ደግሞ አሥራ ሁለቱንም ወሮች በራሱ ስሞችና ማዕረጎች ለወጣቸው። ዶሚሺያን በ96፣ ኮሞዱስ በ192 እ.ኤ.አ. በገዛ ሰዎቻቸው እጅ ተገደሉ፤ የሰየሟቸው ወሮችም ወዲያው ወደ ቀድሞ ስማቸው ተመለሱ። ከሁሉ ይልቅ አስተዋይ የነበረው ጢባርዮስ ነው። ምክር ቤቱ አንድ ወር በስምህ እንሰይምልህ ቢለው፣ የቄሳሮቹ ቁጥር አሥራ ሦስት ሲደርስ ምን ልታደርጉ ነው ብሎ እንደመለሰላቸው ታሪክ ጽፎታል።

ጊዜን ማን ያዝዛል?

ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከስሞቹ የበለጠ ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ከዩልየስ ቄሳር በፊት የሮማ ዓመት 355 ቀን ስለነበረ፣ ከፀሐይ ጋር እንዲገጥም በየጊዜው ተጨማሪ ወር ይገባበት ነበር። መቼ እንደሚገባ የሚወስኑት ካህናቱ ናቸው። ካህናቱም ከፖለቲካው ጋር የተሳሰሩ ነበሩና፣ ወዳጃቸው ሹመት ላይ ሲሆን ዓመቱን ያስረዝማሉ፤ ጠላታቸው ሲሆን ያሳጥራሉ። በዚህ የተነሣ አቆጣጠሩ ከወቅቶቹ ሦስት ወር ያህል ራቀ። ቄሳር ከእስክንድርያ በመጣው ሊቅ በሶሲጌኔስ ምክር ሲያስተካክለው፣ ከልደት በፊት 46ኛው ዓመት 445 ቀን እንዲሆን ግድ አለ።

በጃሂሊያ ዘመን የነበሩት ዐረቦችም ከዚህ የማይርቅ ሥራ ይሠሩ ነበር። ዙልቂዕዳ፣ ዙልሒጃና ሙሐረም ተከታታይ የተከበሩ ወሮች ናቸው፤ በእነርሱ ውስጥ መዋጋት አይፈቀድም። ሦስት ወር ሙሉ ከዘረፋ መታቀብ ሲከብዳቸው፣ ከኪናና ጎሣ የሆኑ ሰዎች በሐጅ ጊዜ ተነሥተው የሙሐረምን ክብር ወደ ሰፈር አዛውረነዋል ብለው ያውጁ ነበር። ይህ «ነሲእ» ይባል ነበር። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ አት-ተውባ አንቀጽ 36 የወሮች ቁጥር እርሱ ዘንድ አሥራ ሁለት መሆኑን፣ አራቱም የተከበሩ መሆናቸውን ከነገረን በኋላ፣ በአንቀጽ 37 ይህን ማዛወር በክሕደት ላይ ክሕደት መጨመር እንደሆነ ገልጿል። ነቢያችን ሙሐመድም (ሰ.ዐ.ወ.) በስንብት ሐጃቸው ንግግር ዘመን አላህ ሰማያትንና ምድርን በፈጠረበት ቀን ወደነበረው ሥርዓት መመለሱን አስታውቀዋል።

ልዩነቱን ተመልከቱ። በሮማ ኃያል የሆነ ሰው ወርን ለራሱ ስም ያደርጋል። ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) ግን በኺላፋቸው ዘመን በደብዳቤዎች ላይ ዓመት ባለመኖሩ ችግር ሲፈጠር ሰሐቦችን ሰብስበው ሲመክሩ፣ ከቀረቡት አሳቦች መካከል የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ልደትም ነበረበት። የተመረጠው ግን ሂጅራው ነው፤ ለእምነት ሲሉ አገርን ጥሎ መሰደድ። ከአሥራ ሁለቱ ወሮቻችን አንዱ እንኳ በነቢያችን ስም አልተሰየመም፤ በዑመርም ስም አልተሰየመም።

የቀረው ስም ብቻ ነው

እንግዲህ ወደ ልጁ ጥያቄ እንመለስ። ማርች ብሎ መጻፍ ሽርክ ነውን? ፈትዋ መስጠት የዑለማዎች ድርሻ ነውና እኔ የማውቀውን ብቻ ልንገራችሁ።

የልጁ ጥንቃቄ መሠረት የሌለው አይደለም። ኢብን ተይሚያ እንደጻፉት ኢማም አሕመድ የፋርሶችን የወር ስሞች መጠቀምን አይወዱም ነበር። በሌላ በኩል ደግሞ ሙስሊሞች በሰፊው ሲሠሩበት የኖሩትን እናያለን። በሶሪያና በዒራቅ ጁላይን «ተሙዝ» ይሉታል፤ ተሙዝ የጥንት ባቢሎናውያን ያለቅሱለት የነበረ ጣዖት ስም ነው። የግብፅ ሙስሊም ገበሬዎች እርሻቸውን የሚቆጥሩት «ቱት»፣ «ሃቱር» እያሉ በቅብጦች ወሮች ነው። ቱት ከእኛ መስከረም፣ ሃቱር ከእኛ ኅዳር ጋር የሚገጥሙ ሲሆኑ፣ ስማቸው የፈርዖን ዘመን ጣዖታት ስም ነው። አል-ቢሩኒም ከሺህ ዓመት በፊት የየሕዝቡን ወሮች ከነስማቸው ሰብስበው ጽፈዋል። በሳዑዲ ዓረቢያ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ የሚከፈለው በዚሁ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነው። እነዚህ ሁሉ ሰዎች ስሙን ሲጠሩ ጊዜን ለማመልከት እንጂ ጣዖቱን ለማላቅ አይደለም። ሥራም በኒያ የሚመዘን መሆኑን እናውቃለን።

በሱረቱ ዩሱፍ አንቀጽ 40 ነቢዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) ለእስር ቤት ጓደኞቻቸው ከአላህ ሌላ የምታመልኳቸው እናንተና አባቶቻችሁ ያወጣችኋቸው ስሞች ብቻ ናቸው ሲሉ እናነባለን። እኔ ይህን አንቀጽ ከሮማ ወሮች ጋር አያይዤ ማየት እወዳለሁ። ጃኑስ ዛሬ ካህን የለውም። ለማርስ የሚያርድ የለም። ያን ሁሉ ዘመን ሰው የፈራቸውና የለመናቸው ነገሮች የቀን መቁጠሪያ ላይ የተጻፉ ስሞች ሆነው ቀሩ። ዱሮም ቢሆኑ ከስም በላይ አልነበሩም።

የሚያስፈራው ሌላ ነው

ለእኔ ከስሙ ይልቅ የሚያስፈራኝ ከስሙ ጋር የነበረው እምነት በሌላ መልክ ቤታችን መግባቱ ነው። መጀመሪያው ከጣፈጠ ዓመቱ ይጣፍጣል ማለት፣ በዚህ ወር ያገባች አይሰምርላትም ማለት፣ ዛሬም አልጠፋም። ወጣቶቻችን የተወለዱበትን ወር አይተው «ኮከቤ እንዲህ ነው፤ ከእንዲህ ዓይነቱ ኮከብ ጋር አልስማማም» ሲሉ እንሰማለን። በጋዜጣ የወጣውን የኮከብ ገጽ አንብቦ ሥራውን የሚያዘገይ፣ ለልጁ የመጣውን መልካም ባል ወሩ ገድ የለውም ብሎ የሚመልስ ሰው አለ። ይህ ሰው ማርስ የሚለውን ስም ሰምቶ ላያውቅ ይችላል፤ ልቡ ግን ጥቁር ባቄላ ከሚወረውረው ሮማዊ ልብ ብዙ አልራቀም።

ዐረቦቹም በጃሂሊያ ዘመን ሰፈርን እንደ ገደ ቢስ ያዩት ነበር፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ይህን እምነት ከንቱ አድርገውታል። በሸዋል ማግባትንም ይፈሩ ነበር። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ግን ኒካሕ የታሰረላቸውም፣ ወደ ነቢዩ ቤት የገቡትም በሸዋል እንደነበር ተናግረዋል፤ የወገኖቻቸው ሴቶችም በሸዋል እንዲዳሩ ይወዱ ነበር። ከነቢዩ ዘንድ ከእርሳቸው የበለጠ የተወደደች ማን ነበረች? ወሩ እንደዚያው ሸዋል እየተባለ ቀጠለ፤ ስሙ አልተለወጠም። የተነቀለው ፍርሃቱ ነው።

ይህን ሁሉ ለልጁ በሚገባው መጠን ካስረዳሁት በኋላ፣ «ስለዚህ ማርች ብለህ ጻፍ፤ ልብህ ግን ወሮችንም ዓመታትንም የሚያዟዙራቸው አላህ ብቻ መሆኑን ይወቅ» አልኩት። ደስ አለው። እስክሪብቶውን አንሥቶ ጻፈ። ከዚያ ቀና ብሎ «እሺ አጎቴ፣ ዛሬ በሂጅራ ስንት ነው?» አለኝ።

አላወቅሁም። የማርችን ቀን ሳላስብ እመልሳለሁ፤ የእኛውን በዕለቱ ብጠየቅ ወሩን እንጂ ቀኑን አላወቅሁም። ስለ ሮማ ጣዖታት ግማሽ ሰዓት ሙሉ ያስተማርኩት ሰውዬ ተነሥቼ ከግድግዳው ላይ በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን ማየት ነበረብኝ። ልጁ አልሳቀብኝም፤ እኔ ግን አፈርኩ።

ውድ ወላጆች፣ ረመዳንና ዙልሒጃ ሲደርሱ ብቻ ጨረቃን የምንፈልግ ከሆነ፣ ልጆቻችን በማርች ቢጨነቁ ሊገርመን አይገባም። በዚህ ወር አንድ ነገር እናድርግ። ማታ ማታ ከመግሪብ በኋላ ከልጆቻችን ጋር ወጥተን ጨረቃዋን እንይ፤ ስንተኛዋ ቀን እንደሆነች እንጠያየቅ። አሥራ ሁለቱን ወሮች በቅደም ተከተል ያስጠኑን፤ አዎን፣ እነርሱ ያስጠኑን። የእኅቴ ልጅ አሁን በደብተሩ ራስጌ ሁለት ቀን ይጽፋል፤ አንዱን መምህሩ ያየዋል፣ ሌላውን እኔ እቆጣጠረዋለሁ። እስካሁን አንድ ጊዜም አልተሳሳተም፤ እኔ ግን ሁለት ጊዜ ተሳስቼ አርሞኛል።

ወላሁ አዕለም። ኢንሻአላህ በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ፣ ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።